የተሰበረ ስፖኪዮ፦ ከሆሎዌይ ጠባብ መንገዶች የሚነሣ የብርሃንና የኤሌክትሪክ ትምህርት

በሰሜን ለንደን የምትገኘው ሆሎዌይ ብዙዎቹ የውስጥ መንገዶቿ የተቀየሱት መኪና ባልነበረበት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው። ዛሬ በግራና በቀኝ መኪኖች ሲደረደሩባቸው በመካከል የሚቀረው መተላለፊያ ብዙ ጊዜ ለአንድ ተሽከርካሪ ብቻ የሚበቃ ነው። በመሆኑም ከመኪናው አካል ወደ ጎን ወጣ ብሎ የሚገኘው የጎን መስታወት፣ በኢትዮጵያ ሹፌሮችና መካኒኮች አጠራር ስፖኪዮ፣ ከሌላው ክፍል ቀድሞ ይመታል።

ጉዳቱ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። መኪናው የዕለት እንጀራው ለሆነ ሹፌር ግን ቀላል አይደለም። በለንደን የግል ኪራይ ተሽከርካሪዎችን የሚገዛው እ.ኤ.አ. የ1998 ዓ.ም. ሕግ የመኪናውን ደህንነት፣ አሠራር ወይም መልክ በጉልህ የሚነካ አደጋ ሲደርስ የመኪናው ባለቤት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይም በ72 ሰዓት ውስጥ ለፈቃድ ሰጪው አካል እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በዓመታዊው የመኪና ምርመራም ከኦገስት 1 ቀን 1978 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ መኪና በሹፌሩ በኩል፣ ማለትም በቀኝ፣ የውጭ መስታወት ሊኖረው ይገባል፤ በተጨማሪም የውስጡ ወይም የግራው መስታወት ያስፈልገዋል። የሌላውን መኪና ስፖኪዮ የሰበረ ሹፌርም ቆሞ ስሙንና አድራሻውን የመስጠት፣ ይህ ካልሆነለት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

መስታወቱ ለምን ጎበጥ አለ?

በአውሮፓ የሚሠራባቸው ስፖኪዮዎች ወደ ውጭ ጎበጥ ያሉ ናቸው። ዓለም አቀፉ ደንብ ቁጥር 46 ለተራ መኪኖች የጎን መስታወት የጉብጠቱ ሬዲየስ ከ1,200 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይደነግጋል። የጎባጣ መስታወት የትኩረት ርቀት የሬዲየሱ ግማሽ በመሆኑ፣ በዚህ ዝቅተኛ ልክ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ይህ ቁጥር ለሹፌሩ ምን ትርጉም አለው? ዓይኑ ከመስታወቱ 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ መስታወቱም 17 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ፊት ለፊት ቢታይ፣ ጠፍጣፋ መስታወት 12 ዲግሪ ገደማ የሚሆን እይታ ብቻ ይሰጠዋል። ሬዲየሱ 1,200 ሚሊ ሜትር የሆነው ጎባጣ መስታወት ግን እይታውን ወደ 28 ዲግሪ ገደማ ያሰፋለታል። ይህ ትርፍ ዋጋ ይጠይቃል፤ ከመስታወቱ 12 ሜትር ወደ ኋላ ያለ መኪና በምስሉ ውስጥ እጅግ ያነሰ ሆኖ ስለሚታይ፣ 29 ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ያስመስለዋል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ትምህርት ይገኛል። በተሰበረው ምትክ ከተራ መስታወት ተቆርጦ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ ቁራጭ ፊትን አጥርቶ ቢያሳይም የእይታውን ስፋት ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በቀነሰው ክፍል ውስጥ ብስክሌተኛ ሊኖር ይችላል።

በሽፋኑ ውስጥ ምን አለ?

በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ስፖኪዮ በውስጡ ሁለት ትናንሽ ሞተሮች አሉት። አንደኛው መስታወቱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብለዋል። ሞተሮቹ በፍጥነት ስለሚዞሩ ጥርሳቸው ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል። በብዙ መኪኖች ሁለቱን ሞተሮች ለማንቀሳቀስ ሦስት ሽቦ ይበቃል፤ አንዱን ሽቦ በጋራ ይጠቀሙበታልና። አቅጣጫው የሚለወጠው ማብሪያው የፖዘቲቩንና የኔጋቲቩን ቦታ ሲያለዋውጥ ነው።

ከመስታወቱ ጀርባ ጤዛና በረዶ የሚያስወግድ ማሞቂያ ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ 24 ዋት የሚፈጅ ማሞቂያ በ12 ቮልት 2 አምፔር ይስባል፤ ተቃውሞውም 6 ኦም ይሆናል። በዚህ ላይ የፍሬቻ መብራትና የማጠፊያ ሞተር ሲጨመሩ የሽቦው ቁጥር ይበዛል። ስለዚህ ተመሳሳይ ሞዴል ያላቸው ሁለት መኪኖች ስፖኪዮ በሶኬቱ ላይገጣጠም ይችላል። በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ ትእዛዙ በበሩ ውስጥ ባለ የኮምፒውተር ክፍል በኩል ሊያልፍ ይችላል።

በሽታውን መለየት

ሙሉ ስፖኪዮ ከመግዛት በፊት የተጎዳው የትኛው ክፍል እንደሆነ መመርመር ገንዘብ ያድናል። መስታወቱ ብቻ ከተሰነጠቀ መስታወቱን፣ የውጭ ሽፋኑ ብቻ ከወለቀ ሽፋኑን መለወጥ ይበቃል። ክንዱ ወይም ከበሩ ጋር የሚያያዝበት መሠረት ከተሰበረ ግን ሙሉው መቀየር አለበት።

የሞተሩ ድምፅ እየተሰማ መስታወቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ችግሩ ከጥርሱ ወይም ከመያዣው ነው። በአንድ አቅጣጫ ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ አንዱ ሞተር ወይም የእርሱ ሽቦ ይጠረጠራል። የግራውም የቀኙም በአንድ ጊዜ ሥራ ካቆሙ ግን አዲስ ስፖኪዮ መግዛት ከንቱ ነው፤ አስቀድሞ ፊውዙና ማብሪያው መታየት ይኖርባቸዋል።

ዕቃ ሲገዛም የመኪናውን የሻንሲ ቁጥርና በአሮጌው ክፍል ላይ የታተመውን ቁጥር ማመሳከር ይገባል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ስፖኪዮ ለለንደን መኪና ላይስማማ ይችላል። በኢትዮጵያ የሹፌሩ መቀመጫ በግራ፣ በብሪታንያ ደግሞ በቀኝ ነው፤ ብርሃን ወደ ዓይን የሚንጸባረቅበት ማዕዘንም በዚሁ ይለያያል። ለሹፌሩ የቀረበው መስታወትና የራቀው መስታወት የሚዘነበሉት እኩል ባለመሆኑ፣ የሞተሮቹ ውስን እንቅስቃሴ ልዩነቱን ሁልጊዜ አያካክስም።

የአቀያየሩ ቅደም ተከተል

መስታወቱን ብቻ ለመለወጥ ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ፣ ስብርባሪው እንዳይበተንም ፊቱን በሰፊ ፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል። ቀጥሎ መስታወቱ በአንድ ጎን ወደ ውስጥ ተገፍቶ በተቃራኒው ጎን ከመያዣው ይላቀቃል፤ የማሞቂያው ሁለት ሽቦዎችም ይነቀላሉ። አዲሱ ሲገባ መጀመሪያ ሽቦዎቹ ይሰካሉ፤ ከዚያም መስታወቱ በጨርቅ ተይዞ ከመካከሉ ቀስ ተብሎ እስኪቆልፍ ይጫናል። ጠርዙን መጫን አዲሱን መስታወት እንደሚሰብር መዘንጋት አይገባም።

ሙሉው ስፖኪዮ ሲቀየር ግን መኪናው ይጠፋል፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድም ይፈታል። በበሩ ውስጥ ከግጭት መከላከያው የአየር ከረጢት ጋር የተያያዘ ሴንሰር ሊኖር ስለሚችል ይህ እርምጃ መዘለል የለበትም። ከዚያ ከስፖኪዮው በስተጀርባ ያለው ባለሦስት ማዕዘን ሽፋን፣ እንደ መኪናው ዓይነትም የበሩ የውስጥ ልባስ ይነሣል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ስፖኪዮው በአንድ እጅ ተደግፎ፣ በብዙ መኪኖች ሦስት የሆኑት ዳዶዎች ወይም ብሎኖች ይፈታሉ። ዳዶ ወደ በሩ ሆድ ዕቃ እንዳይገባ ክፍተቱን በጨርቅ መድፈን ብልህነት ነው።

አዲሱ ሲገጠም የዝናብ መከላከያው ጎማ በቦታው መቀመጡ ይረጋገጣል፤ ብሎኖቹም በየተራ በመጠኑ ይጠብቃሉ። ባትሪው ተመልሶ አራቱም አቅጣጫዎች፣ ማሞቂያውና ፍሬቻው ተፈትነው ከሠሩ በኋላ የበሩ ልባስ ይመለሳል። ካሜራ የተገጠመላቸው ስፖኪዮዎች ከተቀየሩ በኋላ ካሜራው እንደገና መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል ለባለሙያ መስጠቱ ይመረጣል።

በመጨረሻም መስታወቱ መስተካከል አለበት። ሹፌሩ በወትሮው አቀማመጡ ሆኖ የመኪናውን ጎን በመስታወቱ የውስጥ ጠርዝ ላይ በቀጭኑ ብቻ ማየት፣ የአድማሱም መስመር በመካከል ማረፍ ይገባዋል። ያም ሆኖ 28 ዲግሪ ሁሉን አያሳይም። በአንድ በኩል የቆሙ መኪኖች፣ በሌላው በኩል ብስክሌተኞች በሚኖሩበት መንገድ ላይ መሥመር ከመለወጥ ወይም በር ከመክፈት በፊት ራስን አዙሮ ትከሻን አሻግሮ ማየት፣ አዲስ ስፖኪዮ ለገጠመ ሹፌርም ቢሆን የማይቀር ግዴታ ነው።