ፍሌክፊ፦ ወተትንና ሥጋን ያጣመረው የጀርመን ከብት፤ ኮርማው ሲመረጥ ምን ይታያል?

በወተት ከብት እርባታ ወንድ ጥጃ መወለዱ ብዙ አርቢን አያስደስትም። ወተት ጠጥቶ ያድጋል፣ አይታለብም፤ አጥንቱ ቀጭን የሆነ የወተት ዝርያ ከሆነ ደግሞ ቢደልብም ሥጋው ብዙ አይደለም። በደቡብ ጀርመን፣ በተለይም በባቫሪያ ግን የወንድ ጥጃ ገበያ ደርቷል። ምክንያቱ የአካባቢው ዋና ዝርያ የሆነው ፍሌክፊ ነው። ሴቷ ትታለባለች፣ ወንዱ ይደልባል፣ ያረጀችው ላምም ጥሩ የሥጋ ዋጋ ታወጣለች።

አመጣጡ

የዝርያው መነሻ በስዊዘርላንድ የሚገኘው የሲመን ሸለቆ ነው፤ በዓለም ላይ በሰፊው ሲመንታል የሚባለውም በዚሁ ሸለቆ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ማክስ ኦበርማየር የተባለ ባቫሪያዊ ከብቶቹን ወደ ግሙንድ ከተማ ካስመጣ በኋላ በደቡብ ጀርመን ከነበሩት ከብቶች ጋር እየተዳቀሉ ተስፋፉ። ፍሌክፊ የሚለው የጀርመንኛ ስም ነጠብጣብ ያለበት ከብት ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ቡሬ እንደማለት ነው።

በቀድሞው ዘመን ዝርያው ሦስት ሥራ ነበረው፦ ወተት፣ ሥጋና ጉልበት። ማረሻና ጋሪ ይጎትት ነበር። ትራክተር ሲመጣ ሦስተኛው ሥራ ቀረ፤ ጠንካራው እግር፣ ሰፊው ደረትና ጡንቻማው ዳሌ ግን ከዚያ ዘመን የተረፉ ሀብቶች ናቸው።

መለያ ባሕርያቱ

ቀለሙ ከወርቃማ ቢጫ እስከ ጥቁር ቀይ ሲሆን በላዩ ነጭ ጣል ጣል ያደርግበታል፤ ራሱ በአብዛኛው ነጭ ነው። ላሟ ከ650 እስከ 850 ኪሎ፣ የደረሰ ኮርማ ከ1,100 እስከ 1,300 ኪሎ ይመዝናሉ። በባቫሪያ በዘር መዝገብ የገባች ላም በአንድ የአለባ ዘመን 8,000 ኪሎ ገደማ ወተት ትሰጣለች፤ ቅባቱ ከ4 በመቶ በላይ፣ ፕሮቲኑ 3.5 በመቶ አካባቢ ነው። በበቆሎ ገፈራና በተመጣጠነ መኖ የሚደልብ ወይፈን በቀን ከ1.3 ኪሎ በላይ ሊጨምር ይችላል።

ነጩ ራስ ወደ ዲቃላዎችም በቀላሉ ይተላለፋል። ስለዚህ ገበያ ላይ ነጭ ፊት ያላት ጊደር ስትታይ የሲመንታል ደም እንዳለባት መገመት ይቻላል፤ የወተቷ መጠን ግን በፊቷ አይታወቅም። የእናቷን አለባና የአባቷን ማንነት የሚናገር መዝገብ ከሌለ ለመልክ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ኪሳራ ነው።

ጀርመኖች ኮርማውን እንዴት ይመርጡታል?

ጀርመንና ኦስትሪያ የፍሌክፊን ኮርማዎች በጋራ ይመዝናሉ። በጠቅላላው ነጥብ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የወተት አይደለም። ጤንነት፣ እርባታ፣ የአወላለድ ቅለትና ዕድሜ በአንድነት ከ40 በመቶ በላይ ይይዛሉ፤ ወተት ከእነርሱ ያነሰ፣ ሥጋ ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ድርሻ አላቸው። ዝርያው በሁለት ወገን ሳይወድቅ የቆየው በዚህ ሚዛን ነው፤ ወተት ብቻ ቢመረጥ ጡንቻው እየቀጠነ፣ ሥጋ ብቻ ቢመረጥ ጡቱ እየደረቀ ይሄዳል።

በካታሎግ ላይ አብዛኛው ባሕርይ የሚነበበው 100 አማካይ ሆኖ ነው። 112 የሚል ነጥብ ኮርማው በዚያ ባሕርይ ከአማካዩ በግልጽ የተሻለ መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ንጽጽሩ በጀርመን መኖና በጀርመን አየር ካሉ ሌሎች ፍሌክፊዎች ጋር ነው። ነጥቡ ደረጃ እንጂ የሊትር ተስፋ አይደለም።

ቀንድ አልባ፣ ማለትም ጎዳ የሆኑ መስመሮችም አሉ። የጎዳነት ዘር በቀንዳምነት ላይ ያይላል። ዘሩን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ኮርማ ከቀንዳም ላም የሚወልደው ሁሉ ጎዳ ይሆናል፤ ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰው ግን በአማካይ ግማሹን ብቻ ጎዳ ያደርጋል።

ከአካባቢው ላሞች ጋር ሲዳቀል

ሲመንታል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የግብርና ምርምር ማዕከላት ከቦረናና ከሆሮ ዝርያዎች ጋር ሲያዳቅሉት ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጎን ፈትነውታል። ትምህርቱ በመላው ቀጣና ይሠራል።

የመጀመሪያው ትውልድ 50 በመቶ የፍሌክፊ ደም ይይዛል፤ ሁለት የተራራቁ ዝርያዎች ሲገናኙ የሚታየው የዲቃላ ብርታትም በዚህ ትውልድ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ይህች ዲቃላ እንደገና በፍሌክፊ ብትዳቀል ልጇ 75 በመቶ ይሆናል፤ ብርታቱ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ሰውነቱ ሲገዝፍ የመኖ ፍላጎቱ ይጨምራል፣ ሙቀትና መዥገር የመቋቋም አቅሙም ይደክማል። ፉርሽካና ፋጉሎ በየጊዜው መግዛት የማይችል አርቢ በ50 በመቶ አካባቢ መቆየቱ ይበጀዋል።

ትልቁ አደጋ ወሊድ ላይ ነው። በሰውነቷ ትንሽ የሆነች ጊደር ከትልቅ ኮርማ ስታረግዝ ጥጃውም እናቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ የፍሌክፊ ዘር ቢያንስ አንድ ጊዜ በሰላም ለወለደች ላም ይሰጥ፤ የኮርማው የአወላለድ ቅለት ነጥብም ከ100 በላይ ይሁን። በሥጋ ነጥቡ የሚታወቅ ኮርማ በዚህ ነጥብ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል ሁለቱ አንድ ላይ ይነበቡ።

የተደበቀው እዳ

በዝርያው ውስጥ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ብቻ የሚገለጡ ችግሮች አሉ፤ የድንክነት፣ የደም አለመርጋትና የወንድ መካንነት ዓይነቶች ይገኙባቸዋል። ችግሩን የተሸከመ ኮርማ ራሱ ጤነኛ ነው። በጀርመን በምርመራ ስለሚለይ ውጤቱ በካታሎጉ ይጻፋል።

አደጋው የሚመጣው አንድ ኮርማ በራሱ ሴት ልጆች ላይ ተመልሶ ሲውል ነው። ተሸካሚ ከሆነ ከልጆቹ ግማሾቹ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ ከእነርሱ ከሚወለዱት ደግሞ በአማካይ ከስምንት ጥጃ አንዱ ችግሩ ይገለጥበታል። መከላከያው ቀላል ነው፦ እያንዳንዷ ጥጃ ስትወለድ የአባቷ ስምና ቁጥር ይጻፍ፤ አዳቃዩ ቴክኒሻን ሲመጣ ያ መዝገብ ይቅረብለት።

ከመግዛት በፊት

ዘር የሚገዛ ማኅበር ወይም አርቢ አራት ጥያቄ ቢጠይቅ ይጠቀማል። የአወላለድ ቅለቱ ስንት ነው? የጤንነትና የእርባታ ነጥቡስ? የሚሸከመው የዘር ችግር አለ? በበረቱ ውስጥ የዚህ ኮርማ ልጅ አለች? የወተቱና የሥጋው ነጥብ ከእነዚህ በኋላ ይነበብ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የአርቢው ድርሻ ነው። ወንዱ ጥጃ በቂ ወተት ሳይጠጣ ከእናቱ ከተለየና በገለባ ብቻ ካደገ፣ ለሥጋው የተከፈለው የዘር ዋጋ በረት ውስጥ ይቀራል።