የሞተሩ ዓይን ሲታወር፦ ሊሚት ስዊችና ክሎዝድ ሉፕ ኮንትሮለር

ከኤሌክትሪክ ክፍል ሠልጣኝ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር በተግባር ትምህርት ክፍለ ጊዜ የፈጸምኩት ስሕተት ነው። ደብቄው ባልፍ ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት አንዳችን መድገማችን አይቀርም። ስለዚህ ተጽፎ ቢለጠፍ ይሻላል አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለማስተማሪያ የሚሆን ተንሸራታች ጠረጴዛ ሠራን። አንድ የዲሲ ሞተር ረጅም ብሎን ያዞራል፤ ብሎኑ ሲዞር ጠረጴዛው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከሞተሩ ጀርባ ኢንኮደር አለ። በቀኝ ጫፍ አንድ ሊሚት ስዊች ገጠምን፤ በግራው ግን ምንም አላደረግንም። በልምምድ ትምህርቴ ላይ አንዱ ሠልጣኝ ለምን እንደሆነ ቢጠይቀኝ «ኮንትሮለሩ ጠረጴዛው የት እንዳለ ስለሚያውቅ አያስፈልግም» ብዬ በድፍረት መለስኩለት።

ከዚያም ጠረጴዛው 150 ሚሊሜትር ላይ እንዲቆም አዘዝኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? አልቆመም። በሙሉ ኀይሉ ሄዶ ከግራው ብረት ጋር ተላተመ፤ የሞተሩ መያዣ ተጣመመ። ጣውላውን ደግፎ የነበረው ጓደኛችን እጁን ያተረፈው ለጥቂት ነው። መምህራችን ሮጠው ዋናውን ማብሪያ አጠፉ። በኋላ ስናየው የኢንኮደሩ ሶኬት ላልቶ ወጥቷል።

መምህራችን አልተቆጡም። የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ኮንትሮለሩ ተሳስቷል?» ሁላችንም «አዎ» አልን። መልሱ ግን «አልተሳሳተም» ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

ክሎዝድ ሉፕ ሲባል ምን ማለት ነው?

እንደሚታወቀው ክሎዝድ ሉፕ ኮንትሮለር ዘወትር ሁለት ቁጥሮችን ያወዳድራል። አንደኛው እንዲደርስ የታዘዘው ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ኢንኮደሩ የነገረው ቦታ ነው። የሁለቱ ልዩነት ስሕተት ይባላል። ስሕተቱ ሲሰፋ ለሞተሩ ብዙ ኀይል ይሰጣል፤ ሲጠብ ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲሆን ያቆማል።

የኛ ኢንኮደር በአንድ ዙር 2000 ይቆጥራል፤ ብሎኑ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ይገፋል። ስለዚህ 1 ሚሊሜትር 400 ቆጠራ ነው፤ 150 ሚሊሜትር ደግሞ 60000 ቆጠራ ይሆናል። ሶኬቱ ሲወጣ ቆጠራው ባለበት ቀረ። ኮንትሮለሩም «ገና አልደረስኩም» እያለ ገፋ። የተነገረውን አመነ እንጂ አላጠፋም። የሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ቢታሰሩም ስሕተቱ በመጥበብ ፈንታ ስለሚሰፋ ተመሳሳይ አደጋ ይደርሳል።

ከዚህ የምንረዳው ክሎዝድ ሉፕ ዓይኑ ሲታወር ቀስ እንደማይል፣ ይልቁንም እንደሚብስበት ነው። ሊሚት ስዊች እንግዲህ ከኢንኮደሩ ጋር ዝምድና የሌለው ሁለተኛ ምስክር ነው። አንዳንድ ኮንትሮለሮች ሞተሩ ኀይል እያገኘ ቆጠራው ካልተለወጠ ራሳቸው ያቆማሉ። ይህ ጥሩ ነው፤ ስዊቹን ግን አይተካም።

እንዴት እንግጠመው?

1ኛ/ በሁለቱም ጫፍ ይሁን። የግራው ስዊች ሲነካ የግራውን ጉዞ ብቻ ይከልክል፤ ወደ ቀኝ መመለስ ይቻል። አለበለዚያ ጠረጴዛው እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል።

2ኛ/ ኖርማሊ ክሎዝድ የሚባለውን ኮንታክት እንጠቀም። ይኸውም ሳይነካ ኮረንት የሚያሳልፍ፣ ሲነካ የሚያቋርጥ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ ቢወጣ ልክ እንደተነካ ተቆጥሮ ማሽኑ ይቆማል። በተቃራኒው ዓይነት ብንሠራ ግን የተበጠሰው ሽቦ የሚታወቀው አደጋው በደረሰ ቀን ነው።

3ኛ/ ከመጨረሻው ብረት ራቅ አድርገን እንትከለው። በሴኮንድ 100 ሚሊሜትር የሚሄድ ጠረጴዛ ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ500 የሚቀንስ ከሆነ፣ 100 ሲባዛ በ100፣ ለ1000 ሲካፈል፣ ለመቆም 10 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ኮንትሮለሩ ለማወቅ 20 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅበት 2 ሚሊሜትር ይጨመራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን 10 የነበረው 20 ሳይሆን 40 ይሆናል! ስለዚህ ርቀቱን በትልቁ ፍጥነት እናስላ፤ በሙከራም እንለካ።

4ኛ/ ስዊቹ ሲነካ ኮንትሮለሩ ይወቀው። የሞተሩን ኀይል ብቻ ብንቆርጥና ትእዛዙ ከጫፉ ባሻገር ቢቀር፣ ፒ አይ ዲ ውስጥ ያለው የአይ ክፍል ስሕተቱን እየደመረ ያከማቻል። ኀይሉ ሲመለስ ጠረጴዛው ይዘላል። ስለዚህ ስዊቹ እንደተነካ ክምችቱ ዜሮ ይደረግ፤ የታዘዘው ቦታም አሁን ባለበት ይተካ።

5ኛ/ ኮንትሮለሩ ራሱ ቢበላሽስ? ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ ቢዘጋ የሊሚት ምልክቱን የሚሰማ የለም። እጅ ሊጎዳ በሚችልበት ማሽን ላይ፣ ከመጀመሪያው ስዊች አልፎ፣ የሞተሩን ኀይል በቀጥታ የሚቆርጥ ሁለተኛ ስዊች ይኑር።

የስዊቹ ሌላ ጥቅም

መብራት ሄዶ ሲመጣ የኛ ዓይነት ኢንኮደር የት እንደነበረ አያስታውስም፤ መቁጠር እንጂ ቦታ አያውቅም። ስለዚህ ጠረጴዛው በዝግታ ሄዶ የቀኙን ስዊች ይነካል፣ ጥቂት ይመለሳል፣ እንደገና ይበልጥ በዝግታ ይነካል። ያ ቦታ ዜሮ ይባላል። እኛ ስዊቹን ለዚህ ብቻ ያለ መስሎን ነበር።

ከማስተማራችን በፊት

ጠረጴዛውን መኻል ላይ እናቁም፤ ቮልቴጁን እንቀንስ፤ እጅ ይራቅ። ወደ ግራ እየሄደ ሳለ የግራውን ስዊች በዱላ እንንካ። ቆመ? ወደ ቀኝስ ይመለሳል? የግራና የቀኝ ሽቦ ተቀያይሮ ከሆነ እዚህ ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ የኢንኮደሩን ሶኬት ሆን ብለን ነቅለን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሲደርስ እንይ። ይህን ፈተና ሳያልፍ ተማሪ አጠገብ አይቅረብ።

እኛ ጠረጴዛውን ጠግነን በግራም ስዊች ተክለን ፈተናውን አልፏል። ለዚያ ሠልጣኝም በክፍሉ ፊት «ያኔ የነገርኩህ ትክክል አልነበረም» አልኩት። ማለቱ ከበደኝ፤ ነገር ግን የኔን መልስ ይዞ ወደ ተማሪዎቹ ቢሄድ ይብስ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሶኬቱም ትምህርቱም ሳይሮጡ ይጠበቅ።