ስዋቡ ነጻ ቢወጣም ሙከራው አላለቀም

በሴት አይጥ ላይ ሥር የሰደደ የማህፀን ቱቦ ብግነት ሞዴል ልትሠሩ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ለዩ፤ የምታጠኑት ኢንፌክሽኑን ነው ወይስ ትቶት የሚሄደውን ጉዳት? ክላሚዲያ ሙሪዳረም በብልቷ በኩል የገባባት አይጥ በ4 ሳምንት ገደማ ባክቴሪያውን ታጠፋለች። ቱቦዋ ግን ተደፍኖ ፈሳሽ ሊቋጥር፣ እሷም መካን ልትሆን ትችላለች፤ በሴቶች ላይ የሚያስፈራንም ይኸው ነው። ከብልቷ የተወሰደው ስዋብ ከባክቴሪያው ነጻ ሲወጣ ሙከራውን የሚዘጋ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ይቀራል። ቱቦውን ለመመርመር ባክቴሪያው ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ 50 ቀን ጠብቁ፤ የመኖና የእንክብካቤ ወጪውንም በዚያው ልክ አስሉ።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው በሆርሞኑ ላይ ይመስለኛል። የአይጥ ዑደት ከ4 እስከ 5 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም እኩል እንዲሆኑ ባክቴሪያው ከመሰጠቱ 1 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ 2.5 ሚሊግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ከቆዳ ሥር ይወጋሉ። በየጤና ጣቢያው የምናውቀው የሦስት ወር መርፌ ማለት ነው። መድኃኒቱ የብልትን ሽፋን ያሳሳል፤ የሰውነትንም መከላከያ ይነካል። ስለዚህ ማነጻጸሪያዎቹ አይጦችም ይህንኑ መርፌ ይወጉ፤ በባክቴሪያው ፈንታ ደግሞ መበጥበጫውን ፈሳሽ ብቻ ይውሰዱ። አለዚያ የመርፌውን ሥራ በባክቴሪያው ታሳብባላችሁ።

የአይጥ ዘርም ውጤቱን ይለውጣል፤ ሲ3ኤች ከሲ57 ብላክ 6 ይልቅ ለቱቦ ጉዳት የተጋለጠ ነው። ለቱቦው ጉዳት ነጥብ ስትሰጡ "ትንሽ አብጧል" ብላችሁ አትጻፉ። ፈሳሽ ከሌለ 0፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ ከታየ 1፣ በዓይን ታይቶ ከእንቁላል እጢው ካነሰ 2፣ ከተካከለው 3፣ ከበለጠው 4። ነጥብ ሰጪው የትኛዋ አይጥ ምን እንደተሰጣት አይወቅ።

በሰው ላይ የሚገኘውን ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ካልተጠቀምን የምትሉ ካላችሁ፣ በብልት በኩል ብቻ ስትሰጡት በአይጥ ላይ እምብዛም ወደ ላይ አይወጣም፤ በማህፀን አንገት አሳልፎ መስጠት ያስፈልጋል። አይጥ የወር አበባ እንደማታይም አትርሱ፤ ስለ ሴቶች የምትጽፉትን መደምደሚያ በዚያው መጠን ቆጠብ አድርጉ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሲደርሳችሁ ወዲያው አትጀምሩ። ሙሪዳረም የአይጥ የራሷ በሽታ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በምርምር ቤት አይጦች መካከል ሲዘዋወር ተገኝቷል። አዲስ የመጡትን ለይታችሁ መርምሩ፤ ቀድሞ የያዛት አይጥ በከፊል የተከተበች ያህል ናትና።