ነፋስ ሞተሬን ይገፋዋል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው፤ የምሠራው ዕቃ በማድረስ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ በቀለበት መንገዱ ከአየር ጤና ወደ ዊንጌት ስሄድ ነፋሱ ወደ ጎን ይገፋኛል። ምን ይሻላል? (ከኮልፌ ቀራንዮ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ተገቢ ነው። በበጋ አዲስ አበባ ላይ ነፋሱ በብዛት የሚመጣው ከምሥራቅ ነው። አንተ ደግሞ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ ቀኝ ጎንህን ይመታሃል። ጀማሪ በድንጋጤ መሪውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ሰውነቱን የገፋው ነፋስ ሁሉ መሪውን ያወዛውዘዋል። ክንድህን አላላ፣ የቤንዚን ታንኩን በጉልበቶችህ አጥብቀህ ያዝ፣ ደረትህን ዝቅ፣ ፍጥነትህን ቀነስ አድርግ። ነፋሱ ከቀኝ ሲመጣ የቀኙን እጀታ በቀስታ ወደ ፊት ግፋ፤ ሞተሩ ወደ ነፋሱ ዘንበል ይልና መስመሩን ይይዛል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሲኖትራክ መቅደምህ ነው። ከጎኑ እያለህ ነፋሱን ይጋርድልሃል፤ ፊቱን እንዳለፍክ ግን በአንድ ጊዜ ይመታሃል። ነፋስ ባለበት አትቅደመው። የኋላው ሳጥንህም እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፤ ከባዱን ዕቃ ከታች አድርግ። ነፋሱ ከመስመርህ ካስወጣህ ግን ዳር ይዘህ ቁም፤ እባክህ፣ ዕቃው ዘግይቶ ይድረስ።