ከመቀበል እስከ መቁጠር፦ በኦንላይን የተወሰዱ የስታቲስቲክስና የዳታ ኮርሶች ወደ ዲግሪ የሚዛወሩበት መንገድ

1. መግቢያ

በኦንላይን የሚሰጡ የስታቲስቲክስና የዳታ ትንተና ኮርሶች በቁጥርም በዓይነትም በዝተዋል። ኮርሱን ያጠናቀቀ ሰው ምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ኮሌጅ ሬጂስትራር ሲቀርብ የሚጠይቀው ግን ዘወትር አንድ ነው፤ «ይህ ለዲግሪዬ ይያዝልኛል?» ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት ውስጥ ይመረምራል። አሜሪካ የተመረጠችው በስፋት ከሚታወቁት የኦንላይን ኮርስ አቅራቢዎች ብዙዎቹ የተመሠረቱት በዚያ በመሆኑና ተማሪዎች ከተቋም ወደ ተቋም ክሬዲት ይዘው መዘዋወራቸው የተለመደ ስለሆነ ነው።

የጽሑፉ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው። «ክሬዲቱ ተዛወረ» የሚለው አነጋገር ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎችን በአንድ ስም ይጠቀልላል። ተማሪው ሳይታወቀው የሚጎዳው በሦስተኛው ውሳኔ ላይ ነው፤ በስታቲስቲክስና በዳታ ኮርሶች ረገድም ጉዳቱን የሚያባብስ የራሳቸው ባሕርይ አለ።

2. ሦስቱ ውሳኔዎች

የመጀመሪያው ውሳኔ ምክረ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረተው የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ከኮሌጅ ውጭ የሚሰጡ ኮርሶችን ያስገመግማል፤ ስንት ክሬዲት፣ በየትኛው ደረጃ ቢሰጣቸው ተገቢ እንደሚሆንም ሐሳብ ያቀርባል። ለምሳሌ በኮርሴራ በኩል የሚሰጠው የጉግል የዳታ ትንተና ምስክር ወረቀት እስከ 12 ክሬዲት እንዲያዝለት ምክረ ሐሳብ ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ራሱ ክሬዲት አይሰጥም፤ የትኛውንም ኮሌጅ የማስገደድ ሥልጣንም የለውም።

ሁለተኛው ውሳኔ ተቀባይነት ነው። ይህ የተቀባዩ ተቋም ድርሻ ነው። የላኪው ተቋም ዕውቅና ያለው መሆን ነገሩን ያቀልላል እንጂ አይጨርሰውም።

ሦስተኛው ውሳኔ ክሬዲቱ ለየትኛው የዲግሪ መስፈርት ይቆጠራል የሚለው ነው። ውሳኔው በአብዛኛው የትምህርት ክፍሉ ነው። 120 ክሬዲት የሚጠይቅ የባችለር ፕሮግራም ለነጻ ምርጫ የተወው ቦታ 6 ክሬዲት ብቻ ነው እንበል። ተማሪው 12 ክሬዲት በነጻ ምርጫነት ቢያዝለት ሁሉም በትራንስክሪፕቱ ላይ ይሰፍራል፤ ወደ ምረቃ የሚያቀርበው ግን ግማሹ ብቻ ነው። የቀረው 6 ክሬዲት ተቀባይነት አግኝቶም ሥራ ፈት ይሆናል። በተጨማሪ ብዙ ተቋማት ከዲግሪው የተወሰነው ክፍል በራሳቸው ዘንድ እንዲወሰድ ስለሚያስገድዱ ከውጭ የሚመጣው ክሬዲት ጣሪያ አለው።

3. የመጡበት መንገድ የሚያመጣው ልዩነት

የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ተቋም የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። አማካዩ ግን ሰፊ ልዩነት ይሸፍናል። ለትርፍ ከተቋቋሙ የግል ተቋማት ወደ መንግሥት ተቋማት የሄዱት ያጡት 94 በመቶ እንደሚደርስ ተገምቷል። አስቀድሞ የተዘረጋ ስምምነት በሚበዛበት በሁለት ዓመትና በአራት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች መካከል የተዘዋወሩት ኪሳራ ግን ከአማካዩ በእጅጉ ያነሰ ነው።

የስምምነትን ጥቅም ለማሳየት የካሊፎርኒያ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ የኮሚኒቲ ኮሌጆች የጋራ የኮርስ መለያ ቁጥር እንዲኖራቸው አዘዘ። ከ2025 የመጸው ወቅት ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውሉ ከተወሰኑት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ኮርሶች አንዱ የስታቲስቲክስ መግቢያ ሲሆን መለያውም ስታት ሲ1000 ነው። ኮርሱ በክፍል ውስጥም ተሰጠ በኦንላይን መለያው አይለወጥም። እንግዲህ ለማዛወር ዋናው እንቅፋት የማስተማሪያው ዘዴ ኦንላይን መሆኑ አይደለም፤ ኮርሱ ከየትኛው ተቋምና ከየትኛው ስምምነት ጋር እንደተሳሰረ ነው።

4. የሳን ሆዜ ሙከራ

ክሬዲቱ ከመነሻው የዩኒቨርሲቲው የራሱ ሲሆን የማዛወር ጥያቄው ይቀልላል፤ የጥራት ጥያቄው ግን ይቀራል። ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ከዩዳሲቲ ጋር በመተባበር ሦስት የሒሳብ ነክ ኮርሶችን በኦንላይን ለክሬዲት መስጠት ጀመረ። የእያንዳንዱ ክፍያ 150 ዶላር ሲሆን አንደኛው የስታቲስቲክስ መግቢያ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ስታቲስቲክስን ያለፉት ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ሁለት ኮርሶች ውጤት ከዚያም ያነሰ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዩኒቨርሲቲው ሙከራውን ለጊዜው አቋረጠ። በበጋው ዙር የስታቲስቲክስ ማለፊያ መጠን ወደ 83 በመቶ ከፍ አለ።

ይህን ዕድገት የኮርሱ መሻሻል ብቻ አድርጎ መተርጎም አይቻልም፤ በበጋው ከተመዘገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አስቀድመው ዲግሪ የነበራቸው ናቸው። የተነጻጸሩት ሁለት የተለያዩ የተማሪ ስብስቦች ነበሩ። ስታቲስቲክስን የተማረ አንባቢ ይህን የምርጫ አድሎ ወዲያው ይለየዋል። ለተቀባይ ተቋማትም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የአንድ ኮርስ የማለፊያ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ብቻውን ለአቻነት ውሳኔ መሠረት ሊሆን አይችልም። መመዘን ያለበት ይዘቱና ምዘናው ነው።

5. ስሙ አንድ፣ ይዘቱ ሦስት

በዚህ መስክ የኮርስ ስም በቀላሉ ያሳስታል። «ስታቲስቲክስ» ወይም «ዳታ» የሚለውን ቃል የያዙ ኮርሶች ቢያንስ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያን ያስተምራሉ፤ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት፣ በኤስ.ኪው.ኤል. መረጃ ማውጣት፣ ሥዕላዊ መግለጫ መሥራት። ሁለተኞቹ ካልኩለስ የማይጠይቁ የስታቲስቲክስ መግቢያዎች ናቸው፤ የናሙና ሥርጭት፣ የመላምት ፍተሻ፣ ቀላል ሪግሬሽን። ሦስተኞቹ በካልኩለስ ላይ የተመሠረቱ የፕሮባቢሊቲና የሒሳባዊ ስታቲስቲክስ ኮርሶች ናቸው።

የመጀመሪያው ዓይነት ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን አይተካም። የነርሲንግ ወይም የሶሲዮሎጂ ተማሪ ሁለተኛው ዓይነት ይበቃው ይሆናል፤ የስታቲስቲክስ ወይም የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ለመሆን የሚሻው ግን ያው ክሬዲት ለዋናው ትምህርቱ ሳይቆጠርለት ሊቀር ይችላል። ይህ ለጥንቃቄ የተሠራ እንጂ የግትርነት አሠራር አይደለም። ዴንሲቲ ፈንክሽን ኢንተግሬት ማድረግ ያልተማረን ተማሪ ወደ ማክሲመም ላይክሊሁድ ማስገባት ጊዜ ያተረፈለት ቢመስልም ውሎ አድሮ ያስወድቀዋል።

በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚጠቀሰው ምሳሌ ኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው የስታቲስቲክስና የዳታ ሳይንስ ማይክሮማስተርስ ነው። ፕሮባቢሊቲን፣ የስታቲስቲክስ መሠረቶችንና በፓይተን የሚሠራ ማሽን ለርኒንግን የሚያካትት ሲሆን በማጠቃለያ ፈተና ይደመደማል። ምስክር ወረቀቱ ዲግሪ አይደለም፤ መግቢያም አያረጋግጥም። ባለቤቱ በመደበኛው መንገድ ተወዳድሮ ከገባ በኋላ የተቀበለው ተቋም ከማስተርሱ ከፊሉን ሊቆጥርለት ይችላል።

6. ሰዓትና ማስረጃ

ለክሬዲት ግምገማ አንድ ቀላል መነሻ አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የክሬዲት ሰዓትን የሚተረጉመው ለ15 ሳምንት ያህል በየሳምንቱ የ1 ሰዓት የክፍል ትምህርትና ቢያንስ የ2 ሰዓት የግል ሥራ አድርጎ ነው። በዚህ ስሌት የ3 ክሬዲት ኮርስ ቢያንስ 135 ሰዓት ይጠይቃል። በአውሮፓው ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት በመሆኑ 5 ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይሆናል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓተ ትምህርት 3 የክሬዲት ሰዓት ያለው ኮርስ ብዙ ጊዜ 5 ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. ተብሎ መጻፉም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ስለዚህ በ20 ሰዓት የሚጠናቀቅ የኦንላይን ኮርስ ይዘቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የ3 ክሬዲት ኮርስ አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። ሰዓት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ፈተናውን የተፈተነው በእርግጥ ተመዝጋቢው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የፈታኙ ማንነት በሚጣራበት ሁኔታ የተሰጠ ፈተና የሌለው ኮርስ በአቻነት ኮሚቴ ፊት ደካማ ነው።

7. ማጠቃለያ

ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ይህን ኮርስ ትቀበላላችሁ?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ኮርስ በፕሮግራሜ ውስጥ የትኛውን ኮርስ ይተካል?» ብሎ ነው። መልሱን ከትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ይቀበል። ሲላበሱን፣ የመማሪያ መጽሐፉን ስም፣ የሳምንታዊ ሥራውን ሰዓት፣ የፈተናውን አሰጣጥና የቅድመ ሁኔታ ኮርሶቹን ዝርዝር ኮርሱ ሳይዘጋ ያስቀምጥ፤ የኦንላይን ኮርስ ገጽ ከጊዜ በኋላ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላልና። ወደ አሜሪካ ለድኅረ ምረቃ ለሚያመለክት የአገራችን ተማሪም ምክሩ ያው ነው፤ የኦንላይን ምስክር ወረቀቱን የትራንስክሪፕቱን ክፍተት የሚሞላ ማስረጃ አድርጎ ያቅርበው እንጂ እንደ ተያዘ ክሬዲት አይቁጠረው።

የትምህርት ክፍሎችም ድርሻ አላቸው። እያንዳንዱ የስታቲስቲክስ ኮርስ የሚጠይቀውን የሒሳብ መሠረትና የሚያስጨብጠውን ብቃት በግልጽ ጽፈው ቢያወጡ ውሳኔው ከገምጋሚው ፊት ወደ መስፈርቱ ይዞራል፤ ተማሪውም የተማረውን ዳግመኛ ከፍሎ ከመማር ይድናል።