ስለ ኮሶዬ አፋፍና ከጎንደር እስከ ደባርቅ ስላለው መንገድ

ከጎንደር ከተማ እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውቶሞቢል የሚሄድ ሰው በሁለት ሰዓት ያህል ይፈጽመዋል። ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ አስቀድሞ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቈረቈሩት ከተማ ያሉትን ግንቦች ያያል፤ በማግሥቱም ዋልያ ወደሚገኝበት ወደ ስሜን ተራራ ይገሠግሣል። በሁለቱ መካከል ያለውን አገር ግን በመስኮት አይቶ ያልፈዋል። ይህ ለእንግዳ ነቀፋ አይሆንበትም፤ ጊዜው አጭር ነውና። በዚያው አገር ተወልዶ በዚያው አገር የሚማር ልጅ ግን ይህን መካከለኛውን አገር ሳያውቅ ቢያድግ ጉዳቱ ትልቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው በእግርም ሆነ በመኪና፥ ሁለትና ሦስት ቀን ወስዶ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ነው።

ከጎንደር በስተ ሰሜን ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተሄደ ወለቃ ይገኛል። በዚህ መንደር ብዙ ዘመን ቤተ እስራኤል ኖረውበታል። ሸክላ መሥራት፥ ብረት መቀጥቀጥ፥ ሽመናና ግንበኝነት የታወቁበት ሙያ ነበረ። ጎረቤታቸው በእጃቸው ሥራ እያረሰና እየጋገረ፥ ሠሪዎቹን ግን ቡዳ እያለ ይርቃቸው እንደ ነበረ መምህሩ ከተማሪዎቹ ሊሸሽገው አይገባም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከቤተ እስራኤል እጅግ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። በወለቃ የጸሎት ቤታቸው ቀርቷል። የሸክላውም ሥራ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዛሬም ሴቶች ይሠሩታል። መንገደኛው እዚያ ጥቂት ቆሞ ጭቃው ከወዴት እንደሚመጣ፥ እንዴትስ እንደሚተኰስ ቢጠይቅ አይከስርም።

ከወለቃ በኋላ መንገዱ ዳገት እየያዘ ይሄዳል፤ ብርዱም እየጨመረ፥ የጤፉ አዝመራ እየሳሳ ገብሱ ይበዛል። ከጎንደር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ኮሶዬ ይደረሳል። ስሙን የሰማ ሁሉ የኮሶን ዛፍ ማሰቡ አይቀርም። የዚህ ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ፥ በውሃ ተበጥብጦ በመጠጣቱ ለኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ ነው። መጠኑ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሰውን እስከ መግደል ስለሚያደርስ፥ ዛሬ ከሐኪም ቤት የሚገኘው መድኃኒት ይሻላል። ዛፉ ራሱ እየተቈረጠ በብዙ ስፍራ አንሷል፤ በእርሱም ቦታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ማገዶና ምሰሶ ስለሚሆን ገበሬውን ስለ ተከለው መውቀስ ፍርድ አይደለም። ይሁን እንጂ ኮሶን አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ሊኖር አይገባውምና፥ መምህሩ በቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ የቀረውን ፈልጎ ያሳየው።

በኮሶዬ ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ሰው ምድሩ ድንገት ያልቅበታል። ከእግሩ ሥር ገደል ነው፤ ከገደሉም በታች ቆላው፥ ሸንተረሩ ከሸንተረር እየተደራረበ፥ ዓይን እስኪደክም ድረስ ይታያል። በክረምት ጉም ስለሚሸፍነው ከመስከረም በኋላ በማለዳ መሄድ ይሻላል። በዚያ ሰዓት ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው በአፋፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይገኛሉ። ጭላዳ በደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክት ይታወቃል፤ ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። እንደ ሌላው ዝንጀሮ ፍሬ ፍለጋ ዛፍ ለዛፍ አይዞርም፤ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ይበላል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ሁሉ በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ይህን ለማየት ባሕር ተሻግረው የሚመጡ አሉ፤ የኮሶዬ እረኛ ግን ገብሱን እንዳይበላበት ሲያባርረው ይውላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጭላዳ ወደ እርሻ የሚገባው የሚግጠው ሣር እየታረሰ ስላለቀበትም ጭምር ነው። አጥንት ይዞ ወደ ሰማይ ወጥቶ፥ በድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም በዚሁ ደጋ ገደሎች ላይ ሲያንዣብብ ይታያል።

ለትምህርት ከሁሉ የሚበልጠው ግን የውሃው ነገር ነው። በዚህ ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ መንገዱ ሁለት ነው። ወደ ደቡብ ያዘነበለው በመገጭ ወንዝ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከጣናም በዓባይ ይወጣና በታላቁ ሸለቆ ዞሮ ካርቱም ይደርሳል። ወደ ገደሉ የወረደው ግን በታላቁ አንገረብ አድርጎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ከዚያም ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። የስሜንን ውሃ የሚቀበለው ተከዜም ወደዚያው ወደ አትባራ ይወርዳል። አትባራ ደግሞ ከካርቱም በታች፥ በስሙ በምትጠራው ከተማ አጠገብ፥ ዓባይን ይገናኘዋል። እንግዲህ በአንድ ደጋ ላይ ወድቀው የተለያዩ ሁለት ጠብታዎች በሱዳን ምድር እንደ ገና ይገናኛሉ ማለት ነው። ውሃውም ባዶውን አይሄድም፤ የገበሬውን አፈር ተሸክሞ ነው። መምህሩ በሐምሌ ወር ከወንዝ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀድቶ በክፍሉ ቢያሳድር፥ በማግሥቱ በብርጭቆው ግርጌ የተኛውን ጭቃ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። ስለ እርከን ከሚነገር ብዙ ቃል ይህ ይበልጣል።

ከኮሶዬ ወዲያ የወገራ ሜዳ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት በዚያው መንገድ ላይ ያሉ የገበያ ከተሞች ናቸው። ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ የሚሸመትበትን ቀን ጠብቆ የሚያልፍ ሰው የአገሩን ኑሮ በአንድ ጥዋት ያያል። መኪና ከመምጣቱ በፊት የጎንደር ነጋዴዎች በበቅሎና በአህያ ወደ አድዋና ወደ ምጽዋ የሚወርዱበት መንገድ በዚሁ በኩል ነበረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ፥ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው።

ከደባርቅ በኋላ ያ ዳገት ለወራጁ ቁልቁለት ይሆንበታል። ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወርደው የመኪና መንገድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። በአፋፉም ላይ የኢጣልያ ጦር ምሽግ ነበረ፤ የኢትዮጵያ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበው ብዙ ወራት ካስጨነቁት በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጎንደር ነጻ የወጣችው ከዚያ በኋላ በኅዳር 18 ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ አገር ጦርነት ደርሶ ብዙ ቤት አዝኗል። ስለዚህ ተማሪ ይዞ የሚወጣ መምህር መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ ከአገሩ ሽማግሌዎች ይጠይቅ።

ሽማግሌዎቹ የሚያስፈልጉት ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። በታላቁ ካርታ ላይ ኮሶዬ አንዲት ነጥብ ናት፤ የምንጩ፥ የጅረቱ፥ የእርሻውና የገደሉ ስም ሁሉ ያለው በእነርሱ አፍ ነው። አንድ ሽማግሌ በሞቱ ቁጥር ከዚህ ስም ጥቂቱ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ መምህሩ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ለምኖ ከልጆቹ ጋር ወደ አፋፉ ይዟቸው ይውጣ። ሽማግሌው እየጠቆሙ ስሙን ይንገሩ፤ ልጆቹም ጅረቱ ወዴት እንደሚወርድ እያዩ ይሣሉ፥ ስሙንም ይጻፉ። በማግሥቱ ካርታው ለሽማግሌው ይነበብላቸው፤ የተሳተውን ካረሙ በኋላ፥ የነገሩት ሰው ስምና ቀኑ በግርጌው ተጽፎ በተማሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።