«አልተገኘም» ማለት ምን ማለት ነው? የመድኃኒት ቅሪት ምርመራና የአሲድ ሚና

ሞጆ ታርዶ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላክ በግም ሆነ በቁሙ ድንበር የሚሻገር ሰንጋ ዋጋው በኪሎ ብቻ አይወሰንም። ገዢው የመድኃኒት ቅሪት ምርመራ ከጠየቀ የላቦራቶሪው ወረቀት ውሉን ያጸናል ወይም ያፈርሳል። ወረቀቱ ላይ «0.1 ከመቶ ፎርሚክ አሲድ» የሚል መስመር ካያችሁ ዘላችሁ አትለፉት።

ሁላችን የምናውቀውን ኦክሲቴትራሳይክሊን እንውሰድ። ኮዴክስ ለከብትና ለበግ ሥጋ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 200 ማይክሮግራም ነው፤ ለጉበት 600፣ ለኩላሊት 1,200። ይህን ለመለካት ከሥጋው የወጣው ናሙና ተጣርቶ፣ በፈሳሽ እየተገፋ፣ በደቃቅ ሲሊካ በታጨቀ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በየራሱ ደቂቃ ይወጣል፤ መሣሪያው እንደ ተራራ ጫፍ አድርጎ ይስለዋል።

ጣጣው ያለው ሲሊካው ላይ ነው። በገጹ ላይ የቀሩ አንዳንድ ነጥቦች አሉታዊ ሙል ይይዛሉ፤ የመድኃኒቱ የናይትሮጅን ክፍል ደግሞ አዎንታዊ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እየተጣበቀ፣ እየተጎተተ ይወጣል፤ ጫፉም ጅራት ያበቅላል። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ጅራቱ ውስጥ ተበትኖ ሊሰወር ይችላል። ፈሳሹ ላይ የሚጨመረው አሲድ የሲሊካውን ሙል ያጠፋል፣ ጫፉም ይሰበሰባል።

ታዲያ ጠንካራ አሲድ ለምን አይጨመርም? ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ የሚያምር ሹል ጫፍ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከመድኃኒቱ ጋር ተጣምሮ ስለሚይዘው በማስ ስፔክትሮሜትር የሚለካው ምልክት ይደክማል። ፎርሚክ አሲድ ለዘብ ያለና በቀላሉ የሚተን ስለሆነ ለዚያ መሣሪያ ይመረጣል። ኦክሳሊክ አሲድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ቴትራሳይክሊን ብረታ ብረት ላይ መለጠፍ ስለሚወድ፣ አሲዱ ቀድሞ ብረቱን ይይዝለታል። በብርሃን ለሚለኩ መሣሪያዎች ጥሩ ነው፤ ማስ ስፔክትሮሜትርን ግን በዝቃጭ ያቆሽሻል።

ለነጋዴ ትርጉሙ ይኸው ነው፦ «አልተገኘም» ማለት ዜሮ ማለት አይደለም፤ ዘዴው ሊያይ ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። ዘዴው ከ300 በታች ማየት ካልቻለ ስለ 200 ምንም አልነገራችሁም፤ ወረቀቱም ገንዘብ ያስከፈለ ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዝቅተኛውን የመለኪያ ወሰን በቁጥር ጠይቁ። ሁለት ላቦራቶሪዎች ከተጋጩም ከመካሰስ በፊት ዘዴዎቻቸውን አስተያዩ። ከአርቢው ስትገዙ ደግሞ የመጨረሻው መርፌ የተወጋበትን ቀን ጠይቁና ከጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ጋር አመሳክሩ፤ ቀኑ ያልሞላውን እንስሳ ከመንጋው ለይታችሁ አቆዩት።